የጋሽ ነገ ጋዝ

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ነገ» ነው የሚላቸው። ጋዝ አከፋፋይ ናቸው፤ ጋዝ አለቀብኝ ብሎ ለደወለላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ነገ!» ያ ነገ በቀኑ መጥቶ አያውቅም፤ ቢመጣም ሰንብቶ፣ እሱም ሲሊንደሩ ግማሽ ጎኑ ባዶ ሆኖ ነው።

ኬክ ሠሪዋ ያን ቀን ምድጃዋ ፊት ቁጢጥ ብላ እሳቱ ሲያንስ፣ ሲያንስ፣ ድርግም ሲል አየችው። ኦቨኑ ውስጥ የሰው የልደት ኬክ አለ። ከፍታ ብታይ መሃሉ እንደ ተቀመጡበት ትራስ ሰርጎድ ብሏል። «ወይ እዳዬ!» ብላ የያዘችውን ጨርቅ ወለሉ ላይ ወረወረችና ስልክ አነሳች።

«ጋሼ፣ ጋዙ እኮ አለቀ። ገና በቅርቡ ነው ያመጡልኝ።»

«አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ! ነገ እልክልሻለሁ።»

ከጎኗ የምትኖረው ነርስ ይህን በሰማች ቁጥር ትበግናለች። «ቀይሪያቸዋ! እኔ አረንጓዴ ሲሊንደር ወደሚያከፋፍሉት፣ ወደ አረንጓዴዎቹ ከዞርኩ ወዲህ ስልኩን ሳልዘጋ በሬን ያንኳኳሉ። ምን አስሮሽ ነው?»

ምን አስሯት! ልጇ ናታ ያሰረቻት። ያለቻት አንድ ልጅ ናት፤ እሷንም ለጋሽ ነገ ልጅ ድራ፣ ልጅቱ ከባሏ ጋር እዚያው ሰውዬው ግቢ ውስጥ ነው የምትኖረው። በሠርጉ ሰሞን ጋሽ ነገ ብርቱካናማ ሲሊንደራቸውን ራሳቸው ተሸክመው አመጡና «ከእንግዲህ እዚህ ቤት የሌላ ሰው ጋዝ ሊነድ? እኔ በቁሜ!» አሉ። ያኔ ክብር መስሏት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

አንድ ጊዜ ለቀልድ ያህል «እኔስ ወደ አረንጓዴው ልሄድ ነው» ብላቸው ነበር። በዚያው ሳምንት ልጇ ዓይኗ አብጦ መጣች። «እማዬ፣ በሞቴ፣ የጋዝ ነገር ደግመሽ እንዳታነሺ» አለቻት፤ ሌላ ምንም አልተነፈሰችም። እናት አይደለች? የቀረውን ራሷ ጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ ኬክ ሲሰረጉድ ዋጥ፣ ደንበኛ ሲቆጣ ዋጥ። አፍ እያላት ዲዳ ሆነች። ዝም ካለች ኬኩ ይበላሻል፤ ከተናገረች ልጇ ታለቅሳለች።

ነገ የተባለው ጋዝ እንደ ልማዱ ሰንብቶ መጣ። በሩ ሲንኳኳ ከፈተች፤ ሲሊንደር ተሸክማ የቆመችው ራሷ ልጇ ናት።

«አንቺ! ተሸካሚው የት ሄዶ ነው?»

«ዕረፍት ስጡኝ ቢል አባረሩት። አንቺ ምን ሥራ አለሽ፣ አሉኝ።» ሲሊንደሩን አስቀምጣ ትከሻዋን አሸት አሸት አደረገች። እናትየው ኮሌታዋን ገለጥ ብታደርገው ሰንበር ተጋድሞበታል።

«ባልሽስ? ምን ይላል?»

«እሱማ አባቱ ሲያስነጥሱ መሀረብ የሚያወጣ ነው! ይኸው ውጭ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሏል።»

«ተመለሺ በቃ! አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው።»

ልጅቱ ከጥርስ የማያልፍ ሳቅ ሳቀች። «ስንቴ ልብሴን ሸክፌ ነበር! ጋሼ ግን 'ከዚህ በር የወጣሽ ዕለት የእናትሽ ምድጃ ይጠፋል' አሉኝ። አከፋፋዮቹ ሁሉ ተነጋግረዋል አሉ። ስምሽን ከሰጧቸው ማንም አይሸጥልሽም።»

«ነርሷ ዞራ የለም እንዴ?»

«ነርሷ ምናቸው ናት? የሚበቀሉት ዘመድን ነው። አንቺ የምትኖሪው በኬኩ፤ እኔ ወጥቼ አንቺን ላስርብ?»

እናትየው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ለካ እንዲህ ነው! እሷ ለልጇ ብላ የሰውዬውን ጋዝ ስትችል፣ ልጇ ደግሞ ለእናቷ ጋዝ ብላ ሰውዬውን ችላ ኖራለች። ሁለቱንም በአንድ ቱቦ ጠፍረው አስረዋቸው ነው የከረሙት። ተናደደች፤ በሰውዬው ብቻ ሳይሆን በራሷም ዝምታ። ወዲያው የመኪናው ጡሩምባ ጮኸ፣ ልጅቱም ጓንቷን አጥልቃ ሮጠች።

በማግሥቱ አረንጓዴዎቹ ሱቅ ሄደች። ባንኮኒው ጋ ቆማ ግራ ቀኝ አየችና፣ ሌባ ይመስል ሹክ አለች፦ «ስሜን የሰጣችሁ ሰው አለ?»

«የምን ስም?» አለች ሻጯ።

«ጋሽ ነገ… ያ ጋዝ አከፋፋዩ።»

«ማናቸው እሳቸው?»

ሻጯ ቀጠለች፦ «የድሮው ሲሊንደር የኛ ስላልሆነ አንቀበልዎትም፤ ለባለቤቱ ይመልሱለት። አዲሱን እኛው መጥተን እንገጥማለን። ቤትዎ የት ነው?»

ይኸው ነው! ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያስፈራሯቸው የኖሩትን ሰው ስማቸውን እንኳ የሚያውቀው የለም።

አረንጓዴው ከቀትር በፊት ተገጠመ። ክብሪት ጫረች፤ እሳቱ ቦግ አለ። ዱቄቷን አቡክታ ኦቨኑ ውስጥ ከተተችና፣ ብርቱካናማውን ሲሊንደር በጋሪ አስጭና ወጣች።

ጋሽ ነገ መጋዘናቸው በር ላይ፣ ደንበኞች መሃል ቆመዋል። ልጇ ጥግ ላይ ሲሊንደር ታንከባልላለች።

«ምን አስቸኮለሽ? ሲያልቅ ደውለሽ ነገ እልክልሽ አልነበር?»

«ዕቃህን ልመልስልህ ነው የመጣሁት» አለች። አንቱታውን እቤት ጥላው ነው የወጣችው።

ጋሽ ነገ፣ እኛም እንግዲህ አንተ እንበለው፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ዕቃ መልሰሽ ምን ልትወስጂ?»

«ልጄን።»

ሰውዬው በዓይኑ ልጁን፣ የልጅቱን ባል፣ ፈለገው፤ ልጁ ግን ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ጎማ ይመረምራል። «ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለ ድምፁ ሰለል ብሎ፤ «ነገ ቁጭ ብለን…»

አንዱ ደንበኛ ሳቁ አመለጠው።

ልጅቱ ጓንቷን አወለቀች። ሲሊንደሩ ላይ አስቀመጠችውና እናቷ አጠገብ መጥታ ቆመች። ፍርሃቱ ገና ከፊቷ አልለቀቀም።

«እማዬ፣ ምድጃውስ?»

«ይነዳል። ኬክ ከትቼበት ነው የመጣሁት፤ ቶሎ በይ፣ ያርርብናል።»