ድምፅ የማያወፍር ስፒከር

ደጊቱ የባሏን ፈረስ ሸጣ ስፒከር ልትገዛ ነው የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ቆሰበር ከተማ ገባ። «ባሏን ቀብራ ጭፈራ አማራት» ያሉም አልጠፉ። እሷ መንገዷን ቀጠለች። ባሏ አየነው ከሞተ ወዲህ ሐሜቱም ሐዘኑም አይሰማትም። ለቅሶው ላይ አላለቀሰችም፤ ሰው ጉድ አለ። ፈረሱ ሲሸጥም አላለቀሰችም። ገዢው ልጓሙን ይዞ ሲሄድ፣ ፈረሱ ዞሮ ሲያያት፣ እሷ የምታየው የሰውዬውን የጫማ ክር ነበር። ተፈትቶ ጭቃ ላይ ይጎተታል።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። አየነው መጻፍ ስለማይችል እንግዳው ለሚባል ወንድሙ መልእክት የሚልከው በስልክ ድምፁን እየቀዳ ነበር። ከእነዚያ አንዷ እንግዳው ስልክ ላይ ሳትጠፋ ተገኘች፤ ሚሞሪ ካርድ ላይ አስገልብጦ ሰጣት። በስልክ ስትሰማው ግን ሰው ይሁን ተርብ አይለይም። እሷ ደግሞ ድምፁ ከጆሮዋ እየጠፋባት ነው። ላስታውሰው ስትል የሚመጣባት የእንግዳው ድምፅ ነው። አየነውን እንደ አየነው አድርጎ የሚያሰማ ዕቃ ካላገኘች ድምፁም ሊሄድ ነው።

እንግዳው አብሯት መጣ። መጀመሪያ የገቡት መናኸሪያው አጠገብ፣ ከሩቅ የሚጮኸው ሱቅ ነው። ባለሱቁ እንዳልካቸው ደረቷ ድረስ የሚደርስ ስፒከር ገፍቶ አወጣ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ይበራል።

«እማማ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው። ደረት ይመታል!»

«እማማህ ቤትህ ናት። ደረቴን መምታት ቢያምረኝ እጅ አለኝ።»

እንግዳው ግን ዓይኑ በራ። «በቃ ይሄ ነው! ለተዝካሩም ይሆነናል።»

«መብራቱን አጥፋው» አለችው ባለሱቁን።

«ውበቱ እኮ እሱ ነው!»

«አጥፋው አልኩህ። ፈረስ ሲገዛ ጌጡ ይወልቃል።»

አየነው ሲገዛ እንደዚያ ነበር። ግላሱን፣ ኮርቻውን፣ ያንገቱን ጌጥ ሁሉ ያስወልቅና፣ ፈረሱን ከለመደው ሜዳ አውጥቶ ድንጋይ ያስረግጠዋል። ሻጩ ማወደስ ከጀመረ ጥሎት ይሄዳል። «የሚወደስ ፈረስ እግሩን ያመዋል» ይል ነበር።

እንዳልካቸው ዘፈን ከፈተ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«እሱን ተወው። በዘፈን ማንም ያምራል። የኔን ክፈትልኝ።» ሚሞሪዋን ከመቀነቷ ጫፍ ፈታ ሰጠችው።

አየነው ተናገረ። ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ወፍራም፣ የጠገበ ነጋዴ ድምፅ።

«ይሄ ማነው?» አለች።

«ባልሽ ነዋ!» አለ እንግዳው።

«የኔ ባል ቀጭን ነበር።» ወደ ባለሱቁ ዞረች። «ቤት ወስጄ ባይሆነኝስ?»

«ከበር ከወጣ አይመለስም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ሚሞሪዬን አምጣ።»

ከዚያ ሱቅ በሱቅ ዞሩ። አንዱ አየነውን ያፏጨዋል፤ ሌላው ዋሻ ውስጥ ያስገባዋል፤ አንዱ ደግሞ ከቻርጅ ሲነቀል ደክሞ ያንቀላፋል። እሷ ሁሉንም እኩል ሰማች፤ አልከፋትም፣ አልደነቃትም። ዝናቡ ጀመረ። እንግዳው እግሩ ዛለ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሚስት ሳጭ እንኳ እንዲህ አልዞርኩም።»

«ያስታውቃል።»

የመጨረሻው ከገበያው ጀርባ ያለው የሰርክአዲስ ሱቅ ነው። ባትሪ፣ ፋኖስ፣ ሳሙና፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጥቂት ስፒከር። ሰርክአዲስ ወጣት ናት፤ በርጩማ አቀረበችላት። «ይቀመጡ እናቴ። ከመብራት ነቅዬ ነው የማሰማዎት፤ ገጠር መብራት አይታመንም።» ያላትን ሁሉ በየተራ አሰማቻት። ደጊቱ ለሁሉም አይሆንም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ያ አቧራ የለበሰውስ?» አለች ወደ ላይኛው መደርደሪያ እያሳየች።

«እሱን አልመክርዎትም። ቤዝ የለውም፤ ድምፅ አያወፍርም። ለዜናና ለስብከት ካልሆነ ሰው አያነሣው።»

ሻጭ ዕቃዋን ስታማ ደጊቱ በዚያ ቀን ገና መስማቷ ነው። «አውርጂው» አለች።

ሰርክአዲስ በጨርቅ ጠርጋ ሚሞሪውን ከተተችበት። አየነው በአገውኛ ጀመረ፤ ከወንድሙ ጋር ሌላ ቋንቋ አያወራም። «እንግዳው፣ የኮርቻዬ ጠፍር ተበጥሷል። ዳንግላ ስትወርድ ጠንከር ያለ ይዘህልኝ ና። ያለፈው ጊዜ ያመጣኸው ጠፍር ሳይሆን ክር ነው…» ሳል ያዘው። ከዚያ ፊቱን ከስልኩ መልሶ ጮኸ፦ «ደጊቱ! በሩን ዝጊው እንጂ፣ ብርዱ ገባ!»

ደጊቱ ተነሥታ የሱቁን በር ዘጋች።

ሱቁ ጨለም አለ። የዝናቡ ድምፅ ውጭ ቀረ።

«እናቴ፣ ምነው? ምን ሆኑ?» አለች ሰርክአዲስ። አገውኛ አትሰማም።

እንግዳው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ። «በሩን ዝጊው ብሏት ነው» አለ።

ደጊቱ እጇ መዝጊያው ላይ እንዳለ ቆመች። ልቅሶው አሁን ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። የመዝጊያው ብረት ግን መዳፏን አቀዘቀዘው፤ ብርዱ ተሰማት። ከቀብሩ ወዲህ ብርድ ይሁን ሙቀት ለይታ አታውቅም ነበር።

«እንዲያው ለተዝካሩስ?» አለ እንግዳው ቀስ ብሎ። «ይሄ ድንኳን አይሞላም እኮ።»

«ለተዝካሩ አንተ ጩህ» አለችው።

«ካልተስማማዎት በገበያ ቀን ይመልሱት፤ እቀይርልዎታለሁ» አለች ሰርክአዲስ።

ደጊቱ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ስፒከሩን አነሣች፤ ገለበጠችው፤ ሆዱን በጣቷ አንኳኳች፤ የፈረስ ጥርስ እንደሚያይ ሰው የቻርጁን ቀዳዳ አየች። ከዚያ በሩን ሳትከፍት ዋጋ መከራከር ጀመረች።