የተፈጨ ሥጋና ጠንካራ ዳቦ

ጥርስ ሠሪዋ የሰው አፍ ካየች ዕድሜውንም አመሉንም ታውቃለች ይባልላት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሰምና ከጀሶ ጋር ስትታገል ኖራለች። ድዳቸው ብቻ የቀረ ስንት አዛውንቶችን ለውዝ አስቆርጥማለች። ሊሞሸር ሁለት ቀን ሲቀረው የፊት ጥርሱን ከበር ጋር ያጋጨ ወጣት እንኳ ከእሷ ዘንድ ስቆ ነው የወጣው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚሉት ተረት ግን በእሷም ቤት ደረሰ። የገዛ አባቷ ሰው ሠራሽ የታች ጥርሳቸው ከተሰበረ ስምንት ወር አለፈው።

አሰባበሩ ተራ ነበር። አንድ ጠዋት ሲያጥቡት ከእጃቸው ሾልኮ ገንዳው ላይ ወደቀና ለሁለት ተከፈለ። ስባሪዎቹን በመሐረብ ቋጥረው አመጡላት።

«ይሄስ ዕድሜውን ጨርሷል አባባ፤ ድድዎም ተለውጧል። አዲስ እሠራልዎታለሁ» አለቻቸው።

በዚያው ሳምንት ልካቸውን ወሰደች፤ ጀሶውን አፍስሳ ቅርጹ ሲደርቅ በእርሳስ «አባባ» ብላ ጽፋበት መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ አንድ ሥራ መጣ፤ ሌላም መጣ። ደንበኛ ሁሉ ይቸኩላል፤ አባት ግን ቤት ነው ያለው፣ የት ይሄዳል? በሁለተኛው ወር ቅርጹ ከመደርደሪያው ወድቆ ተሰባበረ። በሦስተኛው ወር አባቷ «እንዴት ሆነ ልጄ?» ሲሏት፣ «ለእርስዎ የሚሆነው የጥርስ መጠን አልቋል፤ ከውጭ በመርከብ እስኪመጣ ነው» አለቻቸው። ውሸቱ እንዴት ከአፏ እንዳመለጠ ራሷም አላወቀችም። አልቋል ያለችው ጥርስ ከክርኗ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት ባለጉዳይ ጠሪ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ስም ሲጠሩ መንገድ ማዶ ሻይ የሚጠጣ ተከሳሽ ብርጭቆውን ጥሎ ይነሣ ነበር ይባላል። ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ጋር መኖር ሲጀምሩ ያን ድምፅ ይዘውት መጡ። ዜናውን ለቤተሰቡ ይተነትናሉ፤ የጎረቤት ጠብ ይዳኛሉ፤ ስልክ አንሥተው «አቤት!» ሲሉ ከላይኛው ፎቅ ሰው ይመልሳል። ጥርሱ ከተሰበረ ወዲህ ግን «ስ» ያሉት ሁሉ «ሽ» እየሆነ አሳፈራቸው። መጀመሪያ ስልክ ማንሣት ተዉ፤ ከዚያ ዜናውን ተዉት፤ በመጨረሻ «ደህና ዋልሽ?» ብቻ ቀረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ስለዚያ ጸጥታ ጥርስ ሠሪዋ በልቧ ያለውን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ማክሰኞ ሥራዋን ስትዘጋ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ጣቶቿ ደንዝዘዋል፤ ወገቧ የሌላ ሰው ወገብ መስሏታል። ሉካንዳው ሊዘጋ ሲል ደረሰች።

«ግማሽ ኪሎ ቀይ ሥጋ። ሁለቴ ፍጭልኝ።»

«እንግዳ አለብሽ?» አላት ሥጋ ሻጩ።

«እንግዳስ የለብኝም፤ ጉልበት ነው የሌለኝ።»

ዳቦ ቤት ስትደርስ ለስላሳው አልቆ የጠዋቱ ረጃጅም ዳቦ ብቻ ቀርቷል። ሻጯ «ትንሽ ደረቅ ብሏል» አለቻት። ትንሽ ማለቷ ደግነት ነው፤ ባንኮኒው ላይ ሲቀመጥ ቋ ብሎ ጮኸ። ጥርስ ሠሪዋ አባቷን አሰበች። አሰበችና «መጥበሻ ላይ ሳሞቀው ይለሰልሳል» ብላ ራሷን አታለለች። ሌላ ዳቦ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነበር፤ እግሯ እንቢ አላት።

ቤት እንደገባች ካፖርቷን ወንበር ላይ ጥላ መጥበሻውን ጣደች። ሽንኩርቱን አድቅቃ ከተፈችና በጥቂት ዘይት አቁላላችው። ሥጋውን ጨምራ እንዳይጓጉል በሹካ ጀርባ እየተጫነች ፈረፈረችው። ውኃውን ለቅቆ እንደገና እስኪመጥ ድረስ አማሰለችው። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ በመጨረሻም የተፈቀፈቀ ቲማቲም ገባ። ዳቦዎቹን ሰንጥቃ ውስጣቸውን ቅቤ ቀባችና መጥበሻው ላይ ደፋቻቸው። የሰባት ዓመት ልጇ፣ ሚጢጢ፣ ወንበር ላይ ቆማ ዱባ የምታክል ቲማቲም በትንሽ ቢላዋ ትቆራርጣለች፤ ግማሹን ወደ ሳህኑ፣ ግማሹን ወደ አፏ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ግራሱን ከእጁ ሳያስለቅቅ ገባና «ሽታው ታች በር ድረስ ወርዶ ተቀበለኝ እኮ!» አለ።

አራቱም ገበታ ቀረቡ። አባባ «እጅሽ ይባረክ» ብለው ሳንዱቻቸውን ከፈቱት፤ ሥጋውን በሹካ እየቆነጠሩ ቀስ ብለው መብላት ጀመሩ። ጥርስ ሠሪዋ የራሷን ገመጠች። ቅርፊቱ መንጋጋዋ ውስጥ እንደ ጠጠር ተንኮሻኮሸ። ቀና ስትል የሚጢጢ እጅ ከአያቷ ሳህን ዳቦ ሲያነሣ አየች።

«አንቺ! የራስሽን ሳትጨርሺ የአያትሽን ለምን ታነሺያለሽ?»

«ሰርቄ አይደለም! ተስማምተናል» አለች ሚጢጢ፤ በዚያ ቤት ሽማግሌውን አንተ የምትላቸው እሷ ብቻ ናት። «አያቴ ቅርፊቱን ይሰጠኛል፤ እኔ ደግሞ የመሃሉን ለስላሳ ፈልፍዬ እሰጠዋለሁ። ሁልጊዜ እኮ ነው። ሥጋ ሲሆን ደግሞ...»

«ሚጢጢ» አሉ አባባ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«... ሥጋ ሲሆን ያኝክና መሐረብ ውስጥ ይደብቀዋል። ዛሬ ግን የተፈጨ ስለሆነ አልደበቀም! አይደል አያቴ?»

ጥርስ ሠሪዋ አባቷን አየቻቸው። በየቀኑ የምታያቸው ይመስላት ነበር። የሸሚዛቸው ኮሌታ ከአንገታቸው ርቆ ሁለት ጣት ያስገባል፤ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። የባዕድ አፍ አይታ አመል የምትናገር ሴት፣ የወለዷት ሰው ከፊቷ ተቀምጠው ሲከሱ አላየችም።

ባሏም ነገሩ ከነከነው። «ያ ዕቃ እስካሁን አልመጣም? ምን ዓይነት መርከብ ነው ይህን ያህል ወር የሚጓዝ፣ በመቅዘፊያ ነው እንዴ የሚሄደው?»

አባባ ሹካቸውን አነሡበት። «ተው አንተ! እሷ ምን ታድርግ? ባሕር ላይ ያለ መርከብ በገመድ ትጎትት? ቢኖራት ለአባቷ ትሰስታለች?»

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። የያዘችውን ዳቦ ሳህኗ ላይ መለሰችው።

«መርከብ የለም አባባ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«መርከብ የሚባል ነገር የለም። ዕቃው እኔ ጋ ነው። ከመጀመሪያም እኔ ጋ ነበር። ዋሽቼዎታለሁ።»

ባሏ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ። አባባ ሹካውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና አፋቸውን ጠረጉ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ እያንዳንዱ «ስ» እያፏጨባቸው፣ «አንድ ወዳጄ ወደብ ላይ ዘመድ አለው ብዬ፣ እንዲያስጠይቅልኝ ሁለት ጊዜ ደውዬለታለሁ። በዚህ አፌ።»

ከዚያ የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ክፍላቸው ገቡ። በሩን አላጋጩትም። ቢያጋጩት ኖሮ ቢያንስ ቁጣቸውን ታውቀው ነበር።

በማግሥቱ ይቅርታ ልትጠይቅ በማለዳ ስታንኳኳ አልጋቸው ተነጥፏል፤ እሳቸው የሉም። ልቧ እንደተሰቀለ ሥራ ቦታዋ ደረሰች። አባቷ ኮታቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አሥረው፣ ከሌሎች ደንበኞች ጋር ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ! ይግቡ እንጂ።»

«ተራዬ አልደረሰም» አሏት ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ከእኔ በፊት ሦስት ሰው አለ።»

ለመነቻቸው፤ አልሰሙም። ሁለት ሰዓት ጠበቁ። የሦስቱን ሰዎች ጉዳይ እንዴት እንደጨረሰች አታስታውስም፤ የአንደኛውን ከንፈር በጥፍሯ ጭራ ይቅርታ መጠየቋ ብቻ ትዝ ይላታል። በመጨረሻ በሩን ከፍታ «ቀጣይ» አለች። ያ ሁሉ ዘመን ሰው ሲጠሩ የኖሩ አባቷ ተጠርተው ገቡ።

የአፍ ልክ የሚወሰድበትን ሮዝ ዱቄት በውኃ ለወሰችና ማንኪያ በሚመስለው ብረት ላይ ሞላችው። «ይክፈቱ» አለች። ድዳቸው ላይ፣ በስተግራ፣ የቀላና የተላጠ ቦታ አየች። በባዶ ድድ ለማኘክ ሲታገሉ የቆሰለ ነው። ብረቱን አስገብታ ተጫነችው።

«እስኪረጋ ሦስት ደቂቃ ነው። አይናገሩ፣ አይንቀሳቀሱ።»

አባባ ጣሪያውን ያያሉ፤ በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ። እሷ ጣቶቿን ከአገጫቸው ሥር አድርጋ ቆማለች። ያን ጊዜ ነው፣ ሳታስበው፣ ነገሩ የመጣባት።

«አባባ፣ ሌላም አለ» አለች። «ሥራ በዝቶብኝ ብቻ አይደለም። ጥርስዎ ሲሰበር ቤቱ ጸጥ አለ። ቀኑን ሙሉ ይሄ የጥርስ መሞረጃ ሞተር ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ይውላል። ቤት ስገባ ደግሞ እርስዎ ዜናውን ይጀምሩታል፤ ከዜናው ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ድሮ ችሎት... ጸጥታውን ወደድኩት። ነገ እጀምረዋለሁ እያልኩ ዛሬን ልረፍ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ስምንት ወር አለፈ። እንደማይበሉ ግን አላወቅኩም። በሚጢጢ እምላለሁ፣ አላወቅኩም።»

የአባቷ እጅ የወንበሩን ክንድ ጨመቀ። ሌላ ምልክት አልሰጡም። ሰዓቱን አየች፤ ገና አንድ ደቂቃ ይቀራል። በሕይወቷ እንደዚያ የረዘመ ደቂቃ አላየችም።

ብረቱን ስታወጣው አባባ ተጉመጠመጡ፤ አገጫቸውን ራሳቸው ጠረጉ፤ መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«አፌን ይዘሽ ነው የተናገርሽው። ይሄ በየትም ችሎት አያስኬድም። ጥርሱ ሲደርስ መልስ እሰጥሻለሁ።» ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ።

ጥርስ ሠሪዋ የሌላውን ሁሉ ሥራ ወደ ጎን አደረገችው። ቁጣና ስሞታ መጣ፤ ቻለችው። ጥርሶቹን ስትመርጥ ነጭ የሆኑትን ተወች፤ የሰው ዕድሜ ያለባቸውን፣ ጫፋቸው ትንሽ ሞረድ ያለውን መረጠች። በሰም ደርድራ ስትሞክርላቸውም አባቷ ወረፋ ጠብቀው ነው የገቡት። በሰባተኛው ቀን የተጠናቀቀውን አጥባ በእጃቸው ሰጠቻቸው። አጠለቁት፤ መንጋጋቸውን አንቀሳቀሱት።

«ስድሳ ስድስት ይበሉ እስቲ» አለቻቸው። ለሁሉም ደንበኛ የምታዘው ነው።

«ስድሳ ስድስት» አሉ አባባ በዝግታ። አንዱም አላፏጨም። ዓይናቸው ተገለጠ። ደረታቸውን ነፉና በድሮው ድምፅ «ስድሳ ስድስት!» ሲሉ ደጅ የተቀመጡት ደንበኞች በሙሉ ተነሡ። አንዷ ሴትዮማ በሩን ከፍታ «እኔ ሁለተኛ ነኝ፣ ስድሳ ስድስተኛ ማነው?» አለች። ጥርስ ሠሪዋ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

ከዚያ በኋላ አባባ መብላት ጀመሩ። ኮሌታው ቀስ በቀስ አንገታቸውን ሞላው። ዜናውም ተመለሰ፤ ስልኩም፤ የጎረቤት ዳኝነቱም። ወደብ ላይ ዘመድ አለው ላሉት ወዳጃቸው ደውለው «መርከቡ ደርሷል፣ አትጨነቅ» ሲሉት ሰማቻቸው። ልጃቸውን ለሰው አላዋረዷትም፤ ያም ሌላ ዕዳ ሆነባት። ለስላሳ ዳቦ ፍለጋ ሁለት መንገድ ተሻግራ ትሄዳለች፤ ሥጋውን ታደቅላቸዋለች። «ጥርስ ሠርተሽልኝ ደግሞ ምነው እንደ ሕፃን?» ይሏታል፤ አታቆምም።

ቃል የገቡላት መልስ ግን አልመጣም። ስለ ሁሉ ነገር ያወራሉ፤ ስለዚያ አንድ ነገር አያነሡም። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሳህን እያጠበች አላስችል አላት።

«አባባ፣ መልስ እሰጥሻለሁ ብለውኝ ነበር እኮ።»

ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቀጠሮው ተራዝሟል።»

«እስከ መቼ?»

«ዳኛው ገና አልቆረጠለትም» አሉና ጋዜጣውን መልሰው ከፍ አደረጉት። ይቀልዱ አይቀልዱ ፊታቸውን አላየችም።

አሁንም አንዳንድ ቀን፣ መሞረጃው ጆሮዋ ላይ እየጮኸ ወደ ቤት ስትመለስ፣ የአባቷ ድምፅ ደረጃው ላይ ይቀበላታል። እግሯ በራሱ ይቆማል። ዳቦውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ቁጭ ትላለች፤ አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም አሥር። ከዚያ ማን አየኝ ብላ ዙሪያዋን ትቃኛለች፤ ፊቷ ይቀላል፤ ተነሥታ በሩን ትከፍታለች።

«መጣሽ? ነይ ቁጭ በይ፣ ዛሬ የሆነውን ልንገርሽ» ይሏታል።

ካፖርቷን ሳታወልቅ ትቀመጣለች። እስኪጨርሱ ድረስ ትሰማለች።