ውሃው እንዳይዘጋ

አዴር ሳቢት ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። «ልጄን ለባለመኪናው ሰጥቻለሁ» ማለት ነበረባቸው፤ «ልጄን» ብለው ቆሙና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። በዚህ ሰዓት የጅቡቲው ሆዳን ሰፈር ወንድ ሁሉ ጆሮው ውጪ ነው፤ የጫት መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ የሚገባው አሁን ነውና።

«ይቆረጥ» አለች ነጃት።

የሰማት ያለ አይመስልም። ሁሉም አዴር፣ አጎቴ፣ የሚላቸው አዛውንቱ ተዋናይ ያዩት እሷን ሳይሆን ካሜራ የያዘውን ቸሩን ነበር። ጠዋቱ በሙሉ እንዲሁ አለፈ፤ እሷ «አዴር፣ ትንሽ ወደ ግራ» ስትል እሳቸው ቸሩን ያያሉ፣ ቸሩ ራሱን ሲነቀንቅላቸው ወደ ግራ ይሄዳሉ። መጀመሪያ አስቋት ነበር። አሁን ሳቁ አልቆባታል።

ነጃት አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በረመዳን የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ደብተር ይዛ ኖራለች። የትኛው ተዋናይ ብርጭቆውን በየትኛው እጁ ይዞ እንደነበር፣ ሽርጡ በየት በኩል እንደታሰረ የምትጽፈው እሷ ናት። ዳይሬክተሩ ከሊፋ መላው ሲጠፋው በሹክሹክታ ይጠይቃታል፤ ትነግረዋለች፤ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ የራሱ ሐሳብ አስመስሎ ያዛል። በነዚያ ዓመታት በዳይሬክተሩ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት አላየችም። አንዴ ደክሟት እሷው ብትቀመጥበት የመብራት ባለሙያው «ተነሺ፣ ይሰበራል» ብሏታል።

ትናንት ከሊፋ ኩላሊቱ አጣድፎት ሆስፒታል ገባ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ፕሮዲውሰሩ ኡበይድ ምኒልክ አደባባይ ካለ ካፌ አስጠራት።

«የአባትየውን ትዕይንት ነገ ሠርተሽ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አሳይኝ። ከሆነልሽ የቀሩትን አራት ክፍሎች አንቺ ትመሪያለሽ፤ ስምሽም በዳይሬክተርነት ይጻፋል። ካልሆነ ከሐርጌሳ ሰው አስመጣለሁ። ቤቱን ነገ ስለምናስረክብ ሌላ ቀን የለሽም።»

ያን ጊዜ ነው ስህተቱን የሠራችው። የቀኑን መርሐ ግብር ልክ እንደ ከሊፋ አወጣችው፤ ጠዋት ትንንሾቹን ትዕይንቶች፣ የወንዶቹን ትልቅ ንግግር ከሰባት ሰዓት በፊት መጨረሻ ላይ። ለከሊፋ ይህ ያዋጣዋል። ንግግሩ ካላለቀ አብሯቸው የጫት በርጫ ላይ ተቀምጦ እዚያው ይጨርሰዋል፣ ባይጨርሰውም ነገ አለው። እሷ ነገም የላት፣ በርጫውም ላይ ቦታ የላት።

ጥሩንባው ተነፋ።

«አስር ደቂቃ» አሉ አዴር ሳቢት ጫማቸውን እየፈለጉ። የጅቡቲ አስር ደቂቃ ከጫት በፊት ከሆነ አስር ደቂቃ ነው፤ ከጫት በኋላ ግን እስከ መግሪብ ሶላት ይለጠጣል። እንግዳውን የሚጫወተው ሰውዬ ተከተላቸው። የመብራት ባለሙያው፣ የድምፅ ባለሙያው፣ ሹፌሩ ሳይቀር ወጡ። ሳሎኑ ባዶ ምንጣፍና ትራስ ሆነ።

«እኔ አለሁ ነጁ» አላት ቸሩ። የድሬዳዋ ልጅ ነው። «ጫቴን እዚሁ ያመጡልኛል። አቦ፣ አይክፋሽ።»

ነጃት ግን ከፍቷታል። እንባዋን ማንም እንዳያይባት ወደ ማድቤት ሄደች። እዚያ የልጅቱን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ተዋናይት፣ ሀያ፣ የሻይ ትሪውን ታቅፋ ተራዋን ትጠብቃለች። በጽሑፉ ላይ ያላት ድርሻ አንድ መስመር ነው፤ ሻይ አስቀምጣ ትወጣለች። የቤቱ ሠራተኛ ኤሌኒ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ታጥባለች።

«አይመለሱም አይደል እትዬ?» አለች ኤሌኒ ሳትዞር።

«እዚህ ድረስ ይሰማል እንዴ?»

«የዚህ ቤት ነገር ሁሉ እዚህ ይሰማል። አምና ወደ አገሬ ሊሰዱኝ የተማከሩት እዚያው ምንጣፍ ላይ ነው። ሰሃን እያጠብኩ ሰማኋቸው።»

«ከዚያስ ምን አደረግሽ?»

«ማጠቤን ቀጠልኩ። ውሃውን ከዘጋሁት እየሰማሁ መሆኔን ያውቃሉ። ቀነስ አደረግኩት እንጂ አልዘጋሁትም።»

ነጃት የኤሌኒን እጅ እያየች ቀረች። ካርቲዬ ሁለት ሰፈር የነበረው ቤታቸው ትዝ አላት። አባቷ ከአጎቷ ጋር ተቀምጦ «ነጃት ፓሪስ ሄዳ ፊልም ተምራ ምን ልትሆን ነው» ብሎ ነገሩን ሲዘጋው እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ያኔም እጇ አልቆመም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በእነሱ ቤት ግን ለሴቶቹ ከጆሮ የቀረበ ዘመድ አልነበራቸውም።

«ቸሩ! ካሜራውን አምጣው።»

«ወዴት?»

«ወደዚህ። ወደ ማድቤት።»

ቸሩ በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። በአስራ አንዱ ድራማ ሁሉ ትሪ ከማድቤት ሲወጣ እንጂ ካሜራ ወደ ማድቤት ሲገባ አላየም። «መብራት የለንም እኮ» አላት። «መስኮት አለ» አለችው። «የአዴር ሳቢት ንግግርስ?» ጠዋት በልምምድ ላይ፣ ማንም አይቀርጸኝም ብለው ዘና ብለው የተናገሩት በሙሉ በድምፅ መቅጃው ላይ ነበር። ከቀኑ ሁሉ ያማረው እሱ ነው።

«አታልቅሺ» አለቻት ሀያን። «ፊትሽንም አታጨማድጂ። ውሃውን ብቻ ቀንሺ።»

በመጀመሪያው ቀረጻ ሀያ ደንግጣ ቧንቧውን ጥርቅም አደረገችው። «ውይ! አወቁብሽ» አለች ኤሌኒ፤ ሁሉም ሳቁ። ነጃት ኤሌኒንም ከሀያ ጎን እንድትቆም ለመነቻት። በሦስተኛው ቀረጻ የአዴር ሳቢት ድምፅ ሳሎን ከተቀመጠው መቅጃ «ልጄን ለባለመኪናው ሰጥቻለሁ፤ ዶራሌ ወደብ ላይ ስምንት ከባድ መኪና አለው» ሲል የሀያ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ቧንቧው ሄደ። ውሃው ቀጥኖ ክር አከለ። ንጹሑን ብርጭቆ ደግማ አጠበችው፣ ሠለሰችው። ያኔ ኤሌኒ፣ ማንም ሳያዛት፣ ብርጭቆውን ከእጇ ወስዳ ያልታጠበ ሌላ ሰጠቻት።

«ይቆረጥ?» አላት ቸሩ በሹክሹክታ።

«ገና» አለች ነጃት። እሱም ጠበቀ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ኡበይድ መጣ፤ ከኋላው አዴር ሳቢት ጉንጫቸው ሞልቶ። ኡበይድ ማድቤቱ ውስጥ ቆሞ በትንሿ ስክሪን ትዕይንቱን አየ። መልሶ አየው።

«ሳቢት የሉበትም» አለ።

«ድምፃቸው አለ።»

«ከሊፋ ይህን አይሠራውም ነበር።» ምስጋና ይሁን ወቀሳ ከፊቱ አይታወቅም።

«አይሠራውም» አለች ነጃት። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ራሷም ገረማት።

አዴር ሳቢት ከደፉ ውጪ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን አዳመጡ። ማላመጣቸውን ተዉት። ስክሪኑ ላይ ሀያ ውሃውን ስትቀንስ እጃቸው ሳያውቁት አፋቸው ላይ ሄደ። እሳቸውም ሦስት ሴት ልጆች ድረዋል። ቀና ብለው ልማድ ሆኖባቸው ወደ ቸሩ አዩ።

«የአባትየው ጥላ እንኳ በማድቤቱ በር መጋረጃ ቢታይ አይሻልም?»

ቸሩ በአገጩ ወደ ነጃት አመለከታቸው።

አዛውንቱ ዞሩ። ጫማቸውን አወለቁና የማድቤቱን ደፍ ተሻገሩ። «ልጄ» አሉ፣ «የት ልቁም?»

ኡበይድ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ ሳብ አድርጎ ሸፈነው። ነጃት ለመልሱ አልቸኮለችም። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ገና ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ወደ መጋረጃው ሄዳ ቦታውን በእግሯ ለካች፣ አሰበች፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመለሰች።

«እዚህ» አለች።

ኤሌኒ ቧንቧውን ከፈተች።