ሮሐ እንኳን አመነች

«የማሚቴ ዓይን ያረፈበት ነገር አይበረክትም» ትላለች እትዬ ቡርቱካን። በሳምንት ሦስት ጊዜ ትለዋለች፤ ቧንቧ ስር ወረፋ ስንጠብቅ፣ ልብስ ስናሰጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሳይቀር። የጎረቤታችን የእነ አክሊል ቴሌቪዥን በተገዛ በሳምንቱ የተቃጠለው ማሚቴ «እንኳን ደስ አላችሁ» ልትል ገብታ ስላየችው ነው። የራሷ የቡርቱካን ወገብ የተያዘው ማሚቴ አዲሱን ቀሚሷን ያደነቀችላት ቀን ነው። ቡዳ የሚለውን ቃል ግን ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ዓይን ብቻ ነው የምትለው።

በግቢው ውስጥ አፏን የማዘጋት እኔ ነበርኩ። «ቴሌቪዥኑን ያቃጠለው እየሄደ የሚመጣው መብራት ነው፤ ያንቺን ወገብ ደግሞ ያንን ሁሉ ወሬ መሸከም ነው» እላት ነበር። ሰው ይስቃል። እኔ ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል።

ትምህርት ያቆምኩት ከአስረኛ ክፍል ነው። ቢሆንም በግቢያችን ፎርም የሚሞላው፣ የመድኃኒት ወረቀት የሚነበበው እኔ ዘንድ ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ኮምፒውተር ጽሕፈት እሠራለሁ፤ የተማሪዎቹን ጥናት ስተይብ እነሱ ያላነበቡትን እኔ አነባለሁ። እንግሊዝኛውንም፣ ኤክሴሉንም፣ ስልክ መፍታቱንም ማንም አላስተማረኝም። ይህን የምጽፈው ለመኩራት አይደለም። ያኔ ግን ኩራት ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የጓሮ አትክልት ልጀምር ተነሳሁ። ግቢያችን አራት ቤት የሚጋራው የቀበሌ ግቢ ነው። ከቧንቧው ጎን የበር ስፋት የምታህል መሬት አለች፤ ዝገት የበላው ቆርቆሮና የተሰበረ ባልዲ ተከምሮባት ኖሯል። ጠረግኳት፣ ቆፈርኳት። ከሸጎሌ የከብት ገበያ አንድ ጆንያ ፍግ በሚኒባስ ይዤ ስመጣ ረዳቱ እስከ ጉለሌ አፍንጫውን እንደያዘ ነው የደረሰው። ከዚያ ስልኬ ላይ ያየሁት ቪዲዮ እንዳሳየኝ በክር እየለካሁ መስመር አወጣሁ።

እማዬ፣ «እትዬ ማሚቴን ለምን አትጠይቂም? ገጠር ነው ያደጉት» አለችኝ።

«እትዬ ማሚቴ ኢንተርኔት አላቸው እንዴ?» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። የእትዬ ማሚቴ ቤት ከበሩ አጠገብ ያለችው አንድ ክፍል ናት። በራቸው ክፍት ነበር።

ዘሩን ከማድ ቤት ካለው ቆርቆሮ ዘገንኩ። ጎመን ዘር ያው ጎመን ዘር ነው ብዬ። ዘርቼ፣ አፈር አልብሼ፣ ውኃ ረጭቼ ሳበቃ ቧንቧ ስር ለነበሩት ሴቶች ንግግር አደረግኩ፤ የሰኔ ጾም ሳይፈታ በዚህ ግቢ ከጉልት ጎመን የሚገዛ ሰው እንዳላይ አልኳቸው።

ቪዲዮው በአምስት፣ ግፋ ቢል በሰባት ቀን ይበቅላል ይላል። ሰባት ቀን ሆነ። አሥር ሆነ። አፈሩ እንደ ሊጥ ለስልሶ ተኝቷል።

እትዬ ማሚቴ በየማለዳው ከኪዳን ሲመለሱ መደቡ ጋ ቆም ይላሉ። ወደ አፈሩ ያያሉ፣ ወደ እኔ በር ያያሉ፣ አፋቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ። በመስኮት አያቸዋለሁ። አንድም ቀን ወጥቼ «እንዴት አደሩ» አላልኳቸውም። ያልበቀለ መሬት ፊት ቆሜ ከሰው ጋር መነጋገር ሞት መሰለኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቧንቧ ስር ተሰብስበናል። እትዬ ቡርቱካን ጀመረችኝ።

«እሺ የኛ ገበሬ፣ ጎመኑን መቼ ነው የምንቀነጥሰው?»

ሁሉም ሳቁ። በኔ ሲሳቅ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። እትዬ ማሚቴ ጄሪካናቸውን ቧንቧው ስር አስቀምጠው ጎንበስ ብለዋል። አላውቅም፣ ተሳስቼ ይሆናል፣ ማለት ይቻል ነበር። ሦስት ቃል ነው።

«በየማለዳው እየቆመ የሚያፈጥበት ሰው እያለ» አልኩ፣ «እንኳን ጎመን ባሕር ዛፍስ ይበቅላል?»

ማንም አልሳቀም። እትዬ ማሚቴ ቧንቧውን ዘጉ። ጄሪካኑ ገና እግማሹ አልደረሰም፤ እንደዚያው አንጠልጥለውት ሄዱ። ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ በኩል ማለፍ ተዉ።

እትዬ ቡርቱካን ወሬዋን አደሰችው። አሁን «ሮሐ እንኳን አመነች» የሚል ተጨምሮበታል። ያች የተማረችው፣ ያች በምንም የማታምነው ሮሐ። ስንት ዓመት ስታወራው ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ወሬ በኔ ስም እግር አወጣ። በሳምንቱ እትዬ ቡርቱካን የልጅ ልጇን ክርስትና ደገሰች፤ የግቢው ሰው ሁሉ ተጠራ። እትዬ ማሚቴ የታጠበ ነጠላቸውን ለብሰው ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው አየኋቸው። የሚጠራቸው ሰው አልሄደም። እኔ ጠላና ዳቦ ሳቀርብ ዋልኩ።

በማግስቱ እንደገና ልዘራ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። እማዬ አየችኝና ሳቀች።

«እሱን ነው እንዴ የዘራሽው? ለምጣድ ማሰሻ ቆልቼ ያስቀመጥኩት እኮ ነው!»

አንዱን ፍሬ በጥርሴ ሰበርኩት። ልክ ነው፣ ተቆልቷል። እማዬ ሳቋን እየጨረሰች ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት።

አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን በስሜ አልጠራችኝም።

ከዘር ሻጭ ደህና ዘር ገዝቼ ዘራሁ። በአምስተኛው ቀን አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። የሚያስደስት ነገር መሆን ነበረበት። እትዬ ቡርቱካን ግን ከላዩ ቆማ እጇን በደረቷ አጣምራ፣ አያችሁ፣ ዓይኗን ስታነሳለት በቀለ፣ እያለች ለመጣ ለሄደው አስጎበኘችው። እኔ ባልዲ ይዤ አጠገቧ ነበርኩ። ውኃ ማጠጣቴን ቀጠልኩ። ስለ እትዬ ማሚቴ የተነገረው ሁሉ ምስክሩ የኔ ጎመን ሆነ፤ እኔ ደግሞ ጧትና ማታ ምስክሩን አጠጣዋለሁ። «ተቆልቶ ነበር» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። በየቀኑ ነገ እላለሁ ብዬ አደርኩ።

በሰኔ አጋማሽ የእትዬ ማሚቴ ልጅ ናዝሬት በትንሽ የጭነት ማኪና መጥታ ወደ ሸጎሌ ወሰደቻቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩበት ቤት ዕቃ በአንድ ጉዞ አለቀ። ዕቃ ያወጣላቸው የማኪናው ሹፌርና እማዬ ብቻ ናቸው። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ እማዬ ሳጥኑን ብቻዋን ስትጎትት ድምፁን እሰማለሁ። ክፍሏን ቀበሌው በሳምንቱ ለሌላ ሰው ሰጣት።

ጎመኑ ደረሰ። እማዬ ሠራችው፤ ሁለት ጉርሻ ጎርሼ እጄን ታጠብኩ። ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ያማረ ያማረውን ቀንጥሼ በጋዜጣ ጠቅልዬ በሸጎሌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የምለውን እስከምደርስ አጠናሁት። ስደርስ አንዱም አልነበረም።

እትዬ ማሚቴ በራፍ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ሲያዩኝ ተነሡ፤ ለኔ ተነሡ፣ ለአንዲት አፍላ ልጅ። ጎመኑን ተቀብለው ቅጠሉን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «ጥሩ ጎመን ነው፤ እጅሽ ለምለም ነው» አሉኝ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ያኔ ያልበቀለው... ማለቴ ዘሩ የተቆላ ነበር። ያወቅኩት እርስዎ ገና ግቢው ውስጥ ሳሉ ነው። አልተናገርኩም።»

ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።

«የተቆላ መሆኑንማ የዘራሽ ለት ነው ያወቅኩት» አሉ። «ስትዘሪው ሽታው ቧንቧው ስር መጣብኝ። በየማለዳው የምቆመው ልነግርሽ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

አንዲት ጠጠር አወጡና ከደጃፉ ወዲያ ጣሏት።

«ፈራሁሽ።»