የመቶ አለቃ መቀስ ሽጉጥ

«ክፍሉ ፀሐይ ያገኛል፤ ውሃው ግን ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚመጣው» አሉ አሮጊቷ በሩን እንደከፈቱ። «ማታ ማታ እንግዳ የምታበዢ ከሆነ ደግሞ ከወዲሁ ንገሪኝ። እንቅልፌ የወፍ ነው።»

ልጅቷ ክፍል ለመከራየት አልመጣችም። ግን ሰው ሲናገር ማቋረጥ ድሮም አይሆንላትም፤ ተከትላቸው ገባች። መስኮቱን አሳዩአት፤ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ዘጉላት። ጥግ ላይ ጨርቅ የለበሰ የስፌት መኪና ቆሟል።

«እሱ ከዚህ አይነሳም። የባለቤቴ ነው።»

እንደ ምንም ብላ ተነፈሰች። «እማማ፣ እኔስ የመጣሁት ስለ ባለቤትዎ ሽጉጥ ነው።»

ሽጉጡን አባቷ በጦርነቱ ጊዜ፣ ወንዝ ዳር ከገደለው መኮንን ወገብ ላይ ነው የፈታው። አልጋ ከያዘ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም፤ «የዚያን ሰው ቤተሰብ ይቅርታ ሳልጠይቅ ነፍሴ አትወጣም» ይላል። ስለ ሟቹ ከፊቱ ይልቅ የሚያስታውሰው ካፖርቱን ነው፤ ከልኩ በላይ ትልቅ ነበር፣ እጅጌው አጥሮ በነጭ ክር ተሰፍቷል።

እሷም ከሥራ በወጣች ቁጥር የሽጉጡን ባለቤት ቤተሰብ ፍለጋ ስትንከራተት ከረመች። አንድ መሣሪያ ጠጋኝ እጀታውን ሲፈታው ከእንጨቱ ሥር በሚስማር የተጫረ የመቀስ ሥዕል ተገኘ። አባቷ ሲወጋው በነበረው ጦር ጡረተኞች ክበብ አንድ አዛውንት ሥዕሉን አይተው ሳቅ አሉ። «ይሄማ የመቶ አለቃ መቀስ ነው፤ ልብስ ሰፊው። ሚስቱ አሁንም እዚያው የድሮ ቤታቸው ናት» ብለው ሰፈሩን ነገሯት።

አሮጊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «የሱን ሽጉጥ አንቺ ከየት አወቅሽው?»

«አባቴ ነው... ወንዙ ዳር ባለቤትዎን የገደላቸው። ይቅርታ ጠይቂልኝ ብሎ ልኮኝ ነው።»



«ልጄ፣ የኔን ባል የገደለው ስኳር ነው። ካቻምና፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ።»

ልጅቷ የስፌት መኪናውን ያዝ አደረገች።

«የወንዙ ዕለት ወባ ጥሎት ተኝቶ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «በእሱ ቦታ ለተላከው ልጅ ሽጉጡንም ካፖርቱንም ሰጠው። ልጁ ትንሽዬ ነገር ነበር አሉ፤ እጅጌው ዋጠው። ባሌ በወባው እየተንቀጠቀጠ አሳጠረለት። ጥቁር ክር አጥቶ በነጭ ሰፋው። ‹በነጭ ክር ሰድጄው› እያለ ሲቆጨው ኖሮ ሞተ።»

«ባለቤትዎ የልጁን ስም ነግረውዎታል?»

«‹ያ ልጅ› ነበር የሚለው። እኔም አልጠየቅሁት፤ ያን ወሬ መስማት ታክቶኝ ነበር።» በር ድረስ ሸኟት። «ክፍሉን ግን አስቢበት።»

ቤት ስትደርስ አባቷ ትራሱን ተደግፎ ይጠብቃት ነበር።

«አገኘሻቸው?»

«ይቅር ብለውሃል» ማለት ትችል ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ስትለማመደው ነው የመጣችው። ፊቱን ስታይ ግን አልወጣላትም። ወባውን፣ ካፖርቱን፣ ነጩን ክር አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

አባቷ ከትራሱ ቀና አለ።

«ታዲያ ያ ልጅ የማን ነበር?»

«አላውቅም፣ አባዬ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ጡረተኞቹ ክበብ ተመልሳ ሄደች።