ግራጫ የወጣው ጥቁር

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ጥቀርሻ ሰብስበው፣ በጥብጠው፣ ሦስት ወር ታግሠው የሚያገኙትን ጥቁር ቀለም፣ ልጃቸው ሲና፣ ፔዳ ሰፈር ባለው ፎቶ ቤቷ በአራት ደቂቃ ትፈልገዋለች። እሳቸው ከቃል ቃል እያረፉ ይናገራሉ፤ እርሷ የምታርፈው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።

ያን ቀን ግን ሁለቱም አንድ ማተሚያ ላይ አፍጥጠው ነበር። በሐይቁ ደሴት ላይ ያለ ገዳም ያኖረው የብራና መጽሐፍ ከእጅ ብዛት ቅጠሉ እየረገፈ ስላስቸገረ፣ አባቶች ዋናው ሣጥን ገብቶ ሕዝቡ የፎቶ ቅጂውን እንዲያይ ፈቅደዋል። ናሙናውን መርምረው እንዲያመጡ የታዘዙት መሪጌታ ናቸው። ሲና ለዚህ ሥራ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታለች። ጀልባው በስምንት ሰዓት ይነሣል፤ አሁን ስድስት ሆኗል፤ ጥቁሩም ግራጫ ሆኖ ወጣ።

መሪጌታ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት።

«ይህ የምድጃ አመድ ነው። ይህን ይዤ ጀልባ አልሳፈርም።»

«አባባ፣ ስክሪኑ ላይ ይዩት እንጂ፤ ጠቁሯል።»

«እንግዲያው ስክሪኑን ተሸክሜ ልሂድ?»

ሲና የቀለም መርጫዎቹን ፈተሸች፤ አልተደፈኑም። ጥቁሩን ቀለም በአዲስ ተካች። ኮምፒዩተሩ ላይ የመረጠችው የወረቀት ዓይነት በወረቀቱ ሣጥን ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየች። ደግማ ስታትም ያው ግራጫ፣ ያውም ፊደሉ ጠርዙ ላይ ፈስሶ መጣ። የቀሩት ሁለት ወረቀቶች ናቸው። ግሽ አባይ ሰፈር ያሉትን ሱቆች በስልክ ብታዳርስም እንዲህ ያለ ወረቀት የለም።

መሪጌታ ከሁለቱ አንዱን አንሥተው፣ ብራና እንደሚመርጡ ሁሉ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ፊቱ የትኛው እንደሆነም ጠየቋት። ሁለቱም ነጭ ነው አለች ሳትዞር።

«ብራና የጠጉር ፊትና የሥጋ ፊት አለው፤ ቀለም የሚይዙት እኩል አይደለም። ይህስ?»

ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ጥጉን ነኩት፤ ተንሸራተተ። ገልብጠው ሌላውን ጥግ ነኩ፤ ጣታቸውን ያዝ አደረገው።

ሲና እጇን ግንባሯ ላይ ጫነች። ባለፈው ሳምንት የሐይቁ እርጥበት ወረቀቱን ስለጠቀለለው፣ በአባቷ ከባድ መጻሕፍት ሥር ገልብጣ አስተኝታው ነበር። ሲቃና እንደተገለበጠ ወደ ሣጥኑ መለሰችው። ቀለሙ ሲሰጥም የሰነበተው ቀለም በማይዘው ጀርባው ነው።

በምራቅ ያልተነካውን ወረቀት ፊቱን አስተካክላ አስገባች። ማተሚያው በአራት ደቂቃ ጨረሰ። መሪጌታ የወጣውን ቅጠል ተቀብለው መስኮቱ ዘንድ ቆሙ። ጥቁሩ ጠቁሯል። «አድርቂው» አሉና ጋቢያቸውን አነሡ።

በሰባት ሰዓት ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤታቸው ለምሳ ሲቀመጡ፣ ናሙናው በካርቶን ታሽጎ ከጎናቸው ነበር። ባለቤታቸው ፀሐይወርቅና ልጃቸው ሕዝቅኤል ምን እንደተወሰነ ለመጠየቅ ፈሩ። መሪጌታ ዐሥራ አንድ ዓመት በእጃቸው የጻፉትን፣ ሕዝቅኤል እንኳ ገልጦ የማያውቀውን የዜማ መጽሐፍ ከመስቀያው አውርደው ሲና ፊት አኖሩት።

«ይህ ወደ ደሴቱ ይሄዳል» አሉ ካርቶኑን እየነኩ። «ይህኛውን ደግሞ ከነገ ጀምሮ ሲና ፎቶ ታነሣዋለች፤ እጇን ታጥባ። ወስኛለሁ፤ ጀልባ ስለሚጠብቀኝ የምትከራከሩኝ ስመለስ ነው።»