ፔካኑ የሰመጠበት ግቢ

ሰብለወርቅን ፍርሃት የያዛት የጎረቤት ዛፎች ለምልመው ሳሉ የእሷ ግቢ ፔካን፣ ያ ለውዝ መሰል ፍሬ የሚሰጣት ዛፍ፣ ብቻውን በበጋ ቅጠሉን ማርገፍ ሲጀምር ነው።

ቤቷ እስራኤል አገር፣ ክፋር ብራንዳይስ ከሚባል ሰፈር ዳር ያለ አሮጌ የግቢ ቤት ነው። ፔካኑ የጣራውን ሦስት እጥፍ ይረዝማል። በማድ ቤቱና በጓሮ ክፍሉ መካከል ቆሞ ወደ ጓሮ ክፍሉ ዘመም ብሏል። ያችን ክፍል ባሏ አማረ ነው በገዛ እጁ የሠራት። የመጸዳጃዋን ፍሳሽ ከከተማው መስመር ጋር ማገናኘት ብዙ ቁፋሮ ስለሚጠይቅ፣ ከዛፉ አጠገብ ወደነበረ አሮጌ ጉድጓድ ለቀቀው። ሰው ስላልኖረባት ለዓመታት ምንም አልታየም። ዘንድሮ ግን ልጃቸው ሺራ፣ ባሏ ለሚሉኢም ተጠርቶ ወደ ተጠባባቂ ጦሩ ሲሄድ፣ እርጉዝ ሆና መጥታ ገባችባት። ውሃው ሌት ተቀን ይወርድ ጀመር።

ዝናብ ጠብ ሳይል ከዛፉ ሥር ጭቃ ሆነ። ከጭቃው የሚነሣው ሽታ ምሳ አያስበላም።

"አማረ፣ ይህ ዛፍ እየሞተ ነው" አለችው።

"ውሃ የጠጣ ዛፍ ይሞታል እንዴ?" ሳቀ። "ሣሩን አታይም እንዴት እንዳማረበት?"

"ሽታውስ?"

"አገር ቤት በፍግ አልነበር የምናበቅል? ተይ እንግዲህ።"

ተወችው፤ ፍርሃቱ ግን አልተዋትም። ሺራ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወልዳ፣ ሻኬድ ብላ ስም አውጥታ፣ ከነአራስነቷ እዚያው ክፍል ስትተኛ ሰብለወርቅ እህል አልበላ አላት። ለባሏ ሳትነግር ዛፍ የሚገርዘውን ኤሊራንን ጠራች።

ኤሊራን በዶማ ጥቂት ቆፍሮ አንድ ሥር ሳበ። ሥሩ ጠቁሯል። በጣቱ ሲይዘው ልጣጩ እንደ ተቀቀለ ድንች ሸርተት ብሎ ወጣ።

"እማማ ሰብለ፣ ሥርም እንደ ሰው ይተነፍሳል" አላት። "አፈሩ ፍሳሽ ሲሞላ ታፈነ፤ ከዚያ በሰበሰ። ይህ ዛፍ ሰምጧል፤ ቆሞ ስላዩት አይመኑት።"

"ይወድቃል?"

ዝንባሌውን ተከትሎ ወደ ጓሮ ክፍሉ አየ። "እዚያ ሰው አይተኛ። የመቁረጫ ፈቃዱን ዛሬውኑ እጠይቃለሁ።"

ሺራ ስትሰማ ተቆጣች። "ኢማ፣ ዳይ፣ በቃ! ገና አሁን ነው ያስተኛኋት። ነገ እወጣልሻለሁ፣ ቤሴደር፣ እሺ?"

ነገ ሆነ፤ ነፋስም ይዞ መጣ። አማረ በጠዋት ወደ ገበያ ሄዶ ነበር። ሰብለወርቅ በማድ ቤቱ መስኮት ስትመለከት ከግንዱ ሥር ያለው መሬት ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። መሬቱ እንደ ተኛ ከብት ሆድ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። በተነፋ ቁጥር ሣሩ ላይ ስንጥቅ አፉን ይከፍታል።

የጓሮ ክፍሉ በር የሚከፈተው ከዛፉ ሥር ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

"አምላኬ ሆይ" ብላ ሮጠች። እግሯ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ ጫማዋ እዚያው ቀረ። ሕፃኗን ከአልጋው አንሥታ "ሺራ፣ ውጭ! ውጭ!" እያለች ወደ ማድ ቤት ተመለሰች፤ በልብስ ቅርጫት ውስጥ ከጠረጴዛው ሥር አኖረቻት። ከዚያ ለልጇ ተመለሰች። ሺራ የተሰፋ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ጎብጣ፣ ከበሩ ላይ ቆማለች። ብብቷን ይዛ ወደ ጎን፣ ወደ አጥሩ ጎተተቻት።

ከዛፉ ጥላ እንደወጡ ነፋሱ ዞረ፤ ከጓሮ ክፍሉ ጀርባ፣ ከባሕሩ በኩል መጣ። ዘማማው ፔካን ለአፍታ ቀጥ አለ። ወዲያው ከማጥ ውስጥ እግር ሲነቀል የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰምቶ ወደ ማድ ቤቱ ተገነደሰ።

"ሻኬድ!" ሺራ ጮኸች።

የማድ ቤቱ መስኮትም ግማሹ ግድግዳም አልነበሩም። ሰብለወርቅ በቅርንጫፎቹ መካከል በሆዷ እየተሳበች ገባች። እኔ ነኝ ያስቀመጥኋት፣ እኔ ነኝ፣ እኔው በእጄ፤ ሌላ አሳብ አልነበራትም። ጠረጴዛው አንድ እግሩ ተሰብሮ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ተሸክሟል። ቅርጫቱ ቅጠልና የመስተዋት ስብርባሪ ሞልቶበታል። ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣ ጣራ ጣራ ታያለች፤ አታለቅስም። ሰብለወርቅ እጇን መዘርጋት ፈራች። በመጨረሻ ጉንጯን ነካቻት። ያን ጊዜ ሻኬድ ቤቱን በጩኸት ሞላችው።

አማረ ፌስታሎቹን እንደያዘ ደረሰ። መጀመሪያ ልጁንና የልጅ ልጁን አየ፤ ከዚያ ዛፉ ሲነቀል የተከፈተውን ጉድጓድ። የዛፉ ሥር ከእሱ ቁመት በላይ ተገትሯል፤ ከታቹ ጥቁር ውሃ ተኝቷል። ሥሩን ሲነካ ልጣጩ እጁ ላይ ቀረ።

"ነግረሽኝ ነበር" አለ።

ሰብለወርቅ ሕፃኗን አቅፋ ከጉድጓዱ አራቀቻት።

ጉድጓዱ ተመጠጠ፣ ተደፈነ፤ ፍሳሹም ከከተማው መስመር ጋር ተገናኘ። ሺራ ከነልጇ ወደ አማቶቿ ቤት ሄደች። ሰብለወርቅ ግን እስከ ዛሬ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ መሬቱን በተረከዟ ሳትሞክር ክብደቷን አትጥልበትም።

ኤሊራን የፔካኑን ግንድ ቆራርጦ ሲጨርስ አጥሩ ጥግ ያለውን ሎሚ አሳየችው።

"እሱ ጤነኛ ነው፣ እማማ ሰብለ። ቅጠሉን ይዩት እስቲ።"

"ቅጠሉን ተወው" አለችው። "ቆፍርና ሥሩን አሳየኝ።"